ከጣውላው በታች

«መንገድ ልቀቁ! አካል ጉዳተኛ አለች! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ልቀቁ እንጂ!»

የእንስሳት ፓርኩ ዘበኛ በዱላው ሰዉን ግራና ቀኝ እየከፈለ ፊት ፊት ሄደ። ጠበቃዋ ባለባትሪ ስኩተሯን እየነዳች ተከተለችው። ትንሿ ልጇ የመቀመጫውን መደገፊያ ይዛ ከኋላ ሱክ ሱክ ትላለች። የቀጭኔዎቹን አጥር ከቦ የቆመው ሰው እያጉረመረመ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወንድ ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣ አንድ ጎልማሳ ሥፍራውን ሲለቅ፣ «ጉድ እኮ ነው! እኛም እግራችንን ቤት ትተን መምጣት ነበረብን» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

ሌላ ቀን ቢሆን የሥራውን ትሰጠው ነበር። ምላሷ ምላጭ ነው፤ የሙያ ባልደረቦቿ «እሷን ችሎት ላይ ከመግጠም እሳት ውስጥ መግባት ይሻላል» ይባባላሉ። ዛሬ ግን ዋጠችው። ዛሬ የመጣችው ለጠብ ሳይሆን ትናንት የተወለደውን፣ እግሩ ገና አልጸናለትም የተባለውን የቀጭኔ ግልገል ለማየት ነው። ልጅቷ ወሬውን ከትምህርት ቤት ይዛ ከገባች ጀምሮ «አብረን ነው የምናየው፤ ብቻዬን አላይም» እያለች እንቅልፍ ነስታታለች።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ፊቷ ላይ የተደቀነው ግን ጣውላ ነበር። ከጉልበት ከፍ ብሎ የሚጀምር፣ የቆመ ሰው ደረት ላይ የሚያልቅ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሰፊ ጣውላ። ልክ በዓይኗ ትይዩ «እንስሳቱን ማስቆጣት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ስለ ሰው የሚለው ነገር የለም። ይህን አጥር የሠራው ሰው የገዛ ደረቱን ለክቶ ሄዷል፤ ተቀምጦ የሚያይ ፍጡር በዚህ ዓለም መኖሩን ማን ይንገረው! ቀና ስትል የትልቋ ቀጭኔ አንገት ታያት። ጎንበስ ስትል በክፍተቱ ሰኮና ታያት። መሐሉ የለም።

እውነቱን ለመናገር መቆም ትችላለች። እግሮቿ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ናቸው፤ ጥቂት ያገለግሏትና ሳያስጠነቅቁ ይለግማሉ። ስኩተሩም የመጣው ለዚሁ ነው። ታዲያ በቀደም ዕለት መድኃኒት ቤት ተነስታ ከመደርደሪያ ሳሙና ስታወርድ፣ ከኋላዋ አንዱ «ተአምር ነው! ሽባዋ ተነሳች፣ እልል በሉ!» ብሎ ተሰላፊውን ሁሉ አሳቀ። ሰው ሲባል እንዲህ ነው። ወይ ጨርሰሽ ተሰበሪለት፣ ወይ ጨርሰሽ ዳኚለት፤ መሐል ላይ ከተገኘሽ አጭበርባሪ ነሽ። ያን ቀን ያቺ ባለ ምላጭ ምላስ ሴት ሳሙናውን ትታ ወጣች።

ከጣውላው ወዲያ አንድ ነገር ሆነ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ሊነሳ ነው! አይዞህ!»

«ውይ፣ ወደቀ!»

«በርታ! እንደሱ! እንደሱ… ቆመ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ይህን እግር እስካሁን የት ደብቀኸው ነበር ብሎ ግልገሉን የጠየቀው የለም።

«እማ! ቁሚ! ቶሎ ቁሚና እይው!»

አጥሩ ላይ የተንጠለጠለችው ልጇ ናት። ጭብጨባው ጋብ ባለበት ቅጽበት ስለነበር ሁሉም ሰማት። ጎልማሳው ዞረ። ዘበኛውም ዞረ።

«መቆም ይችላሉ እንዴ?» አላት። ክፋት የለውም፤ ግራ ገብቶት ነው። ስለ እሷ ብሎ ያን ሁሉ ሰው ከቦታው አስነስቷል።

ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«አልችልም።»

«ትችያለሽ እኮ! ጠዋት ቆመሽ አይደል እንዴ ፀጉሬን የሠራሽኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ ውሸት አትናገሪ!»

የተናገረችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። «ሳህን ብትሰብሪ ግድ የለኝም፤ ብቻ እንዳትዋሺኝ» እያለች ያሳደገቻት ልጅ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ተያት እንጂ፣ አትቆጪያት» አሉ አጠገባቸው የቆሙ ሴትዮ፣ የልጅቷን ራስ እየዳበሱ። «ውሸቷን መች ሆነና! ተመኝታ ነው እኮ። የእናቷን መቆም ተመኝታ ነው፣ የኔ ምስኪን።» ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ጎልማሳው ልጁን ከትከሻው አወረደ። «እህቴ፣ ቅድም ለተናገርኩት ይቅርታ» ብሎ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

ልጅቷ ከረሜላውን እንደጨበጠች እናቷን አየቻት። ጠበቀች። ለማታውቀው ሰው እውነት ስትከራከር የምትውለው ሴት ለገዛ ልጇ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ መራቆት ሆነባት። ይቅርታው፣ ከረሜላው፣ የተለቀቀላት ሥፍራ፣ ሁሉም አንገቷ ላይ ተንጠለጠሉ። የስኩተሩን መሪ አንቃ ያዘች።

ልጅቷ ከአጥሩ ወረደች። ግልገሉ ገና እየተንገዳገደ ነበር፤ ሰዉም ገና «አይዞህ» እያለው ነበር። እሷ ግን ስኩተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ በጣውላው ሥር አጮለቀች።

«ከዚህ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

እናትየዋ ጎንበስ አለች። አራት ቀጫጭን እግሮች ፈርከክ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተብረከረከ፣ ቆመዋል። ጠዋት ቆማ የጎነጎነችውን ሹሩባ ለመንካት እጇን ስትዘረጋ፣ ልጅቷ ዓይኗን ከእግሮቹ ላይ ሳታነሳ ራሷን ፈቀቅ አደረገች።