አየሩ አልወጣም

ቫኑ እየተንፏቀቀ ጋራዡ ግቢ ሲገባ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይተን ነበር። መሪውን የያዘው ሽማግሌ ገበሬ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ልጁ ተቀምጣለች። ሙቀቱ እንደዚያ እየጠበሰ ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ።

«አባባ፣ ይሄ ሞተር እኮ የዚህ መኪና አይደለም።»

«አውቃለሁ። የራሱ ሲሞት የጭነት መኪና ሞተር ገጠምንለት።»

«በግድ ነዋ የተጋቡት!»

አባትየው አልሳቀም። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

የሞተሩ ሕመም ለመካኒኩ አዲስ አልነበረም። የተተካው ሞተር ቁመቱ ረዝሞ አናቱ ከራዲያተሩ አፍ በላይ ሆኗል። ውሃ ሲሞላበት አየሩ ወደ ላይ ሸሽቶ እዚያው አናቱ ላይ ይታፈናል፤ ውሃው አይደርስበትም። አየሩ ካልወጣለት ጥቂት ሄዶ መልሶ ይፈላል።

«መንገድ ላይ ውሃ ሲጨምሩበት ነበር?»

«በየቦታው።»

«አየር ይዟል። ማስተንፈስ አለብን።»

«ቶሎ አድርገው።»

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ፊት።»

አየር ሽቅብ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የቫኑን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አዙረው መግፋት ነበረባቸው።

«ልጅቷ ትውረድና ይቅለለን» አለ መካኒኩ።

«አትወርድም።»

ገፉት። አቁመው ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገቡ የልጅቷ ስልክ ጮኸ።

«ዝጊው!» አለ አባቷ።

ልትዘጋው ስትጣደፍ ስልኩ አምልጧት ከፊት ወንበሩ ሥር ገባ። ድምፁ ቆመ። አባትየው ባልዲ አንስቶ ከግቢው ጥግ ካለው ቧንቧ ውሃ ሊቀዳ ሄደ።

መካኒኩ ጋቢና ገብቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እሱ ካልተከፈተ በማሞቂያው መስመር ያለው አየር አይወጣም። ልጅቷ በኋላ መስታወት የመጡበትን መንገድ ታያለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

ወደ ቧንቧው አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቶሎ ጨርስልን።»

አባቷ እንዲህ በይ ብለዋት ነው፣ አለ መካኒኩ በልቡ። ወንበሩ ሥር ስልኩ መንዘር ጀመረ። ልጅቷ ወደ ኋላው መስታወት ዞራ ነበር። መካኒኩ ስልኩን አንስቶ በዘይት መጥረጊያ ጨርቁ ጠቅልሎ ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ኋላ ሄደ። ስክሪኑ ላይ «ባሌ» ይላል፤ አነሳው።

«የኔ እመቤት፣ የት ነሽ?» አለ የወንድ ድምፅ። እያለቀሰ ነው።

«መካኒክ ነኝ። መኪናቸው ተበላሽቶ ነው።»

ሰውየው ለቅሶውን ዋጥ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ሚስቴ ናት። ሥራ ውዬ ስመለስ አባቷ ጭኗት ሄዷል። ቤቴ ኦና ሆነብኝ። በእናትህ፣ እስክደርስ አቆይልኝ።»

መካኒኩ የራሱ ቤት ትዝ አለው። የእሱንም ሚስት አባቷ አንድ ቀን መጥቶ ከነልብሷ በመኪና ወስዷታል። ለሚጠይቀው ሁሉ ጥፋቱን እንደማያውቅ ይናገራል። ጋራዡ ያለበትን ቦታ አንድም ሳያስቀር ለሰውየው ነገረው።

ሲመለስ አባትየው ውሃውን በራዲያተሩ አፍ እየጨመረ ነበር። መካኒኩ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን የውሃ ጎማ ማሰሪያ በካቻቢቴ አላላ። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ከአረፋ ጋር ወጣ። የራዲያተሩን የታች ጎማ ጨመቅ ለቀቅ አደረገው። አረፋው እየሳሳ ሄዶ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ፈሰሰ። አሁን ማሰሪያውን ማጥበቅ ብቻ ነው የቀረው።

አላጠበቀውም። አባትየው ፊቱን ወደ ቧንቧው ሲያዞር ጎማውን ጭራሽ ነቀለው። ውሃው መሬት ላይ ተዘረገፈ።

«አየሩ አልወጣም፣ አባባ። እንደገና።»

አባትየው ቀድቶ መጣ፤ ጨመረ። መካኒኩ መልሶ አፈሰሰው። አባትየው ለሌላ ባልዲ ሄደ። ሲመጣ እግሩ ይጎተት ነበር፤ የውሃው ግማሽ ሱሪው ላይ ፈሷል።

«አልወጣም።»

ያን ጊዜ ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው መለመን ጀመረ።

«ልጄ፣ እባክህ። ሳይመሽ ወንዙን መሻገር አለብን። በልጆችህ!»

«ሞተር ልመና አይሰማም፣ አባባ።»

«እንዲሁ ክደነውና ልሂድ።»

«ይቃጠላል።»

«ይቃጠል! እስከሄደበት ይሂድ!»

መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ኪሱ ከተተ። አባትየው አላየውም፤ መሬቱን እየዳበሰ ክዳኑን ይፈልግ ጀመር። ልጅቷ ውስጥ ሆና በሻርፗ ጫፍ አፏን አፍናለች።

አንዲት ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመች። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ወረደ። መካኒኩን በእጁ ሰላም ብሎ በሐዘን ፈገግ አለ። ባልዲው ከአባትየው እጅ ወደቀ። ተንደርድሮ ሄዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ የቫኑ በር ላይ ተለጠፈ።

«ኧረ ተዉ አባባ! ባልና ሚስት ይነጋገሩ እንጂ!» አለ መካኒኩ። ሽማግሌውን በትከሻው ገለል አድርጎ የቫኑን በር ከፈት አደረገው።

«እህቴ፣ አይዞሽ፤ ውረጂ። ባልሽ መጥቶልሻል።»

ልጅቷ፣ ሻርፗ ተንሸራቶ ያበጠ ጉንጯ እየታየ፣ በሩን ከእጁ ነጥቃ ዘጋችና ከውስጥ ቆለፈችው።