ካርዳኑ ስንት ዞረ

«እርስዎ ከሥር ይግቡና ይቁጠሩ፤ እኔ ጎማውን አዞራለሁ» አለ መካኒኩ፣ አሮጌው ፒክአፕ ሥር ካርቶን እያነጠፈ።

አጎቱ ካርቶኑን አዩ፣ የተተኮሰ ሱሪያቸውን አዩ። የጋራዥ ባለቤት ከሆኑ ወዲህ ሰው መኪና ሥር ያስተኙ እንደሆነ እንጂ ራሳቸው ከተኙ ቆይተዋል። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ሥራው የሁለት ሰው ነው ጋሼ። ጎማ የሚያዞር ሰው ካርዳኑን አያየውም።»

ይህስ እውነት ነው። ጎማውን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን፣ የዲፈረንሻሉ፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት በዝገት ካለቀ፣ አዲስ ጥርስ ከማዘዝ በፊት ያለው መላ አንድ ነው፤ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ ሁለት ዙር ማዞር፣ ከሥር ያለው ረጅም ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ስንት ጊዜ እንደሚዞር መቁጠር። ግን መካኒኩ እዚያው የራሱ ጋራዥ ግድግዳ ተደግፈው የሚያወሩ ሦስት ሠራተኞች ነበሩት። አንዳቸውንም አልጠራም።

ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ያኔ አጎቱ ጋር ሲሠራ፣ ይቺው ፒክአፕ ጭቃ ውስጥ አራቱንም ጎማ አስይዞ እሱ እየነዳት ካምቢዮዋ ተፈረካከሰ። «የኋላውን ዲፈረንሻል እርስዎ ነዎት ከሌላ መኪና ፈትተው የገጠሙት፤ ከፊቱ ጋር እኩል መሆኑን እንቁጠር» ብሎ ለመነ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ እየተጓተቱ መሀል ያለውን ካምቢዮ እንደሚፈጩት ያስተማሩት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። «ደግሞ አንተ እኔን ልታስተምር?» ብለው አባረሩት። መባረሩስ ባልከፋ። በየጋራዡ እየዞሩ «የእህቴን ልጅ እንዳታስጠጉ፣ የነካውን ይሰብራል» አሉ። ሰውም «ሰባሪው» የሚል ስም አወጣለት። እናቱ ይህንኑ ስም እየሰማች ሞተች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን የኋላው ጥርስ ተበልቶ አለቀ፤ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ደፍሮ የሚነካ ደግሞ ከእሱ በቀር አልተገኘም።

አጎቱ እያቃሰቱ ገቡ። እሱ የኋላውን ጎማ ሁለት ዙር አዞረ፤ ከሥር «አንድ… ሁለት… ሦስት…» የሚል ድምፅ መጣ። «ሦስት ተኩልን አለፍ ብሎ ቆመ። በቃ፣ ልውጣ።»

«የፊቱ ይቀራል።»

«የፊቱ ደግሞ ምን ያደርግልናል?»

«ሁለቱም ይቆጠራሉ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

መካኒኩ የፊቱን ጎማ በክሪክ አነሳ፤ አጎቱ በጀርባቸው እየተንፏቀቁ ወደፊት መጡ። ጎማውን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ አዞረ። ቶሎ እንዲያልቅላቸው አልፈለገም።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…» ጎማው ሁለተኛ ዙሩን ገና አልጨረሰም። ሠራተኞቹ ወሬያቸውን አቁመው ጠጋ አሉ፤ ሦስቱም ያን ስም ያውቁታል። «አራት» አለ ድምፁ፣ ደክሞ። ጎማው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

«ስንት አሉ ጋሼ?»

«አራት። ከትንሽ ነገር ጋር።»

«የኋላውስ ስንት ነበር?»

«ልጄ» አሉ አጎቱ፣ «ወገቤን አሞኛል፣ አውጣኝ።»

ከተባረረ ወዲህ ልጄ ብለውት አያውቁም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ደግሞም አልጠገበም።

ከመኪናው ሥር ግራሶ የነካው እጅ ወጣ፤ የሚይዘው ሰው እየፈለገ አየሩን ዳሰሰ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊይዘው ጎንበስ ሲል መካኒኩ በዓይኑ መለሰው።

«አልሰማሁም ጋሼ» አለ በትሕትና፣ ሁለት እጁን ጎማው ላይ እያሳረፈ። «እነዚህም እንዲሰሙ ጮክ ይበሉልኝ። ከአንድ እንጀምር።»