ማንም ያላየው ቋጠሮ

ግራ እግሬ እርጥብ የዛፍ ሽበት ላይ አርፎ ይከዳኛል። እኔም ትናንት ዛፍ መውጣት እንደጀመረ ሰው ገመዱን ለቅቄ ግንዱን አቅፋለሁ። ይኸው እንዳቀፍኩት ቀርቻለሁ።

ቀረሮ ረጅም ዛፍ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ቅርንጫፉ ሩቅ ነው። አዲሱን ቀፎ አናቱ ላይ ሰቅዬ፣ ለራሴ "ጎበዝ ተሰማ" ብዬ፣ ስወርድ መንገዱን አጋምሼ ነበር። ከሥር የጣልኩት ጃኬቴ መሐረብ አክሎ ይታየኛል። ስልኬ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አጠገቤ ቢሆንም በዚህ ጫካ ኔትወርክ የለም።

አወራረዱ ጠፍቶኝ አይደለም። ለስንቱ ጎረምሳ አስተምሬዋለሁ። ገመዱ አንተንም ግንዱንም ዞሮ ይይዛል፤ ሙሉ ክብደትህን እሱ ላይ ጥለህ ወደ ኋላ ዘንበል ስትል እግርህ ግንዱን ይነክሳል። ግንዱን ካቀፍክ ግን አለቀልህ። ክንድህ ይዝላል፣ እግርህ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ነው የሚያወራልህ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ክንዴን መልቀቅ አቃተኝ፤ ቋጠሮውን ማንም አላየውማ።

በእኛ ቤት ደንብ አለ፤ የቋጠረ ሰው በራሱ ቋጠሮ ብቻ አይወጣም። ሌላው ዞሮ ስቦ ያየዋል፣ ዛፉ ሥር አብረው ይጸልያሉ፣ ከዚያ ይወጣል። ዛሬ ጠዋት የሚስቴ ወንድም ወልደ ማርያም፣ "ቀበሌ የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለ፤ ስመለስ ጸልየን እንወጣለን" አለኝ። እሱ ጸሎት ከጀመረ አሜን እስኪል እግር ይደነዝዛል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

"እግዚአብሔር ዛፍ አይወጣም፤ የምወጣው እኔ ነኝ" አልኩት። ሚስቴ ሰምታ አማተበች። ገመዴን ተሸክሜ ብቻዬን መጣሁ።

አሁን ቋጠሮው ዞሮ ከግንዱ ማዶ ሄዷል። አይታየኝም፣ እጄም አይደርስበትም። ስወጣ ይዞኛል፤ ቅድም እግሬ ሲከዳኝ ግን አንድ ነገር ሸርተት ሲል ወገቤ ላይ ተሰምቶኛል። አንዴ ነው ያጠበቅኩት ወይስ ሁለቴ? በዋጫ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ከደረሰ ይህ ቅርፊት ሳሙና ነው የሚሆነው።

ከታች ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ጎረቤቴ እትዬ ተሾመች ናቸው፤ ኮረሪማ ሊለቅሙ ቅርጫታቸውን አንግተዋል።

"ማነው እዚያ ላይ?"

"ተሰማ ነኝ፣ እትዬ።"

"ምን ትሠራለህ?"

"ቀፎ ልሰቅል መጥቼ ራሴ ተሰቀልኩ።"

አይስቁም። ቅርጫቱን ቀስ ብለው መሬት ያስቀምጡታል። "ሰው ልጥራ?"

"ወንዱ ሁሉ ስብሰባ ነው። እነሱ እስኪመጡ ክንዴ አይቆየኝም። በማዶ በኩል ይዙሩና ቋጠሮውን ይዩልኝ፤ እባክዎ።"

ይዞራሉ። አንገታቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ያያሉ።

"ገመዱ ይታየኛል" ይላሉ። "ቋጠሮውን ግን አልለየውም። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጄ። ወልደ ማርያም አይቶት የለም?"

"አላየውም።"

ያማትባሉ። ማማተባቸው ከደመናው ይብስብኛል።

"እንግዲያ ያየው እግዜር ብቻ ነው" ይላሉ። "እኔ ምን አቅም አለኝ። እዚሁ ቆሜ ስሙን እጠራልሃለሁ።"

"እዚያ አይቁሙ፤ ብወድቅ እርስዎ ላይ ነው።"

"እቆማለሁ አልኩህ።"

መጸለይማ እጸልያለሁ። ግን የእኔ ጸሎት ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ "ይኸው ሠራሁ፣ ተመስገን" ብዬ ለእግዚአብሔር የማስታውቀው ዓይነት። ያላለቀ ነገር ይዤ ፊቱ ቆሜ አላውቅም። አሁን ጉንጬ ቅርፊቱ ላይ ተለጥፏል። ፈርቻለሁ። ልጆቼ በዓይኔ ይመጡብኛል፤ ትንሿ ጠዋት ጫማዬን ደብቃብኝ ተቆጥቻታለሁ።

የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ጀርባ ላይ ያርፋል።

"ጌታዬ" እላለሁ፣ ከግንዱ በቀር ማንም እንዳይሰማኝ አድርጌ። "ቋጠሮው የእኔ ነው። በችኮላ የተቋጠረ ነው፣ በትዕቢትም ነው። እኔ የቋጠርኩትን አንተ ያዝልኝ።"

ቀኝ ክንዴን እለቃለሁ። ግራው እምቢ ይላል፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስለቅቃቸዋለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

ገመዱ ይጮኻል። ከታች እትዬ ተሾመች "እመብርሃን" ይላሉ። ወገቤ ይያዛል። እግሬ ግንዱን ይነክሳል።

ገመዱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እረግጣለሁ፣ መልሼ ክብደቴን እጥላለሁ። ዝቅ ባልኩ ቁጥር ፍርሃቱ እንደ አዲስ ይመጣል። ስለዚህ ዝቅ ባልኩ ቁጥር ያንኑ እላለሁ፣ ያዝልኝ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

መሬት ስነካ ግንዱን ተደግፌ እቆማለሁ። ዝናቡ ወርዷል። እትዬ ተሾመች የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ፊቴን ይጠርጋሉ፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ።

"ጎበዝ" ይሉኛል። "ወረድክ እኮ።"

ገመዱን አዙሬ ቋጠሮውን ወደ ፊቴ አመጣዋለሁ። ከቋጠሮው ተርፎ የወጣው ጫፍ የጥፍሬን ያህል ነው። ልፈታው እጄን ስሰድ፣ ገና ሳልነካው ይተረተርና ገመዱ እግሬ ላይ ይወድቃል።