የኮረብታው ጦር

በጦርነት ጨዋታችን ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ቶኩጂ ዳይሱን ወርውሮ አምስት ያገኛል። ጣት የሚያክሉ ሦስት የቆርቆሮ ሳሙራዮቼን እያነሳ ከጠረጴዛው ያወርዳቸዋል። እሱም ሲያሸንፍ ደክሞታል፤ እኔም ስሸነፍ ደክሞኛል።

"ኦሳካ መዋጋት አያስተምሩም እንዴ?" ይለኛል።

"የኦሳካ ሰው ይነግዳል እንጂ አይዋጋም፣ ጋሼ።"

የሦስታችንም፣ የእኔ፣ የጋሼና የአባታችን የአባባ እግር ከጠረጴዛው ሥር፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ማሞቂያው ዙሪያ ተነባብሯል። ውጭ የአባባ ከተማ የዮኔዛዋ በረዶ ጣራው ላይ ይቆለላል። ባለፈው ክረምት አባባ በረዶ ሊዝቁ ጣራ ወጥተው ወድቀዋል። ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም፤ ወይ ሴንዳይ ጋሼ ቤት፣ ወይ ኦሳካ እኔ ጋ መግባት አለባቸው። ሁለታችንም የመጣነው ይህን ልንቆርጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግን ማንም አላነሳውም።

አባባ እንደ ወትሮው የኮረብታውን ጦር ይዘዋል። በቤታችን ጨዋታ ኮረብታው ላይ የሚቆመው ጦር የማንም አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ወርዶ ከፈለገው ጋር ይሰለፋል፣ ያ ወገን ያሸንፋል። አዛዡን ሁለቴ መጠየቅ ክልክል ነው። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው አባባ ናቸው፣ ልጆች ሳለን ስንነዘንዛቸው።

"አባባ፣ አይወርዱም?" ይላል ጋሼ።

አባባ መንደሪናቸውን ይልጣሉ። እወረውራለሁ፤ አንድ ይወጣል።

"ኧረ ይወስኑ አባባ! ወይ ወደ እኔ፣ ወይ ወደ እሱ!" የጋሼ ድምፅ ይሰበራል። ስለ ቆርቆሮ ወታደር እንዳልሆነ ለሁላችንም ገብቶናል።

"ሁለቴ ጠየቅክ" ይሉታል አባባ።

"ይቅርታ።"

"ያንተ ሚስት እናቷን እያስታመመች ነው" ይላሉ አባባ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "የዚህኛው ልጅ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፤ እኔ ስገባ ድመቷ መውጣቷ ነው።"

"ድመቷ ትለምዳለች፣ አባባ" እላለሁ።

አባባ መንደሪኑን አስቀምጠው ጦራቸውን ከኮረብታው ማውረድ ይጀምራሉ። ጦሩ ወደ ጋሼ አይታጠፍም፤ ወደ እኔም አይታጠፍም። በመካከላችን አልፎ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወታደሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ጭናቸው ላይ ያስቀምጧቸዋል።

"ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ይላል ጋሼ። "ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ረቡዕ የአረጋውያን መጦሪያው መኪና ይመጣል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው። ክፍል ይዣለሁ። በረዶውንም የመጦሪያው ሠራተኞች ራሳቸው ይዝቃሉ።"

"እኛ እያለን!" ማለት አለብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነው። ግን እፎይታው ይቀድመዋል፤ ትከሻዬ ሳላዘው ይረግባል። አፍሬ ወደ ጋሼ እዞራለሁ። የእሱም ትከሻ ረግቧል።

አባባ ሁለታችንንም ያያሉ።