አሥር ሲሞላ

ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን የመምህሩ ጥናት አሥር ጊዜ መጠቀስ ነበረበት። ጥቅሶችን ከሚቆጥሩት የመረጃ ቋቶች አንዱ አርባ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል ይላል፤ ኮሚቴው የሚያምነው ቋት ግን ዘጠኝ ላይ ችክ ብሏል። ጠቃሾቹ የጻፉትን አንብቦ አያውቅም፤ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ነው። የዚህኛው ቋት ሰዎች ከአርባ አንዱ አንዷን እንዲመዘግቡለት ሦስት ወር ሙሉ በኢሜይል ደጅ ጠና። ዛሬ አሥር ሞላለት።

«እንኳን ደስ አለዎት ዶክተር!» አለች የኮሚቴው ጸሐፊ በስልክ። «አሥረኛዋን ጽሑፍ ቶሎ ይላኩልኝ፤ ሰባቱም የኮሚቴው አባላት ስብሰባ ተቀምጠዋል።»

ላከላትና፣ ምን ብለው አወድሰውኝ ይሆን ብሎ ጽሑፉ ውስጥ ስሙን ፈለገ። አገኘው፦

«ግኝቱ ከሟቹ ተማሪያቸው ከይበልጣል የመመረቂያ ጽሑፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው።»

ወዲያው መልሶ ደወለላት።

«አይጨነቁ ዶክተር» አለች እየሳቀች፣ «ለሰባቱም አባዝቼ አድያለሁ።»