የሙሉሰው ተራ

በዚያ ሁሉ አገር የራስ ቅል ከፍቶ ዕጢ የሚያወጣ ሐኪም እሱ ብቻ ነበር። ወደ እሱ ከሚመጡት ይልቅ ሳይመጡ የሚሞቱት እንደሚበዙ ያውቃል። የትንሹ ሙሉሰው የቀዶ ሕክምና ተራም የደረሰው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እናቱ የዝና በስልክ ስትጠራ፣ «እሺ፣ ይዤ እመጣለሁ» አለች።

ሐኪሙ ልጁን ሲመረምረው ገረመው። ከዓመት በፊት ተራ ሲይዝለት የሙሉሰው ግራ ዓይን ጨርሶ አያይም ነበር። አሁን ግን ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ ጣቶቹን ቢያሳየው ልጁ ሳያመነታ «ሦስት!» አለ።

«እናቴ፣ ምን ተአምር ነው? ዓይኑ እኮ ተመልሶለታል!» አለ ሐኪሙ፣ ፊቱ በርቶ።

የዝና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«የኔን ልጅማ በፍልሰታ ቀበርኩት፣ ዶክተር። ይሄ የጎረቤቴ ነው። እሱንም ጠዋት ጠዋት ራሱን እየፈለጠው ማስመለስ ጀምሮታል። ዓይኑ ሳይጠፋ የልጄ ተራ ለሱ ይሁንለት ብዬ ነው።»

ሐኪሙ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው እሱን እሱን ያያሉ።

«ከሙሉሰው ቀጥሎ የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ እናቴ» አላት።