ዲዳው ደጋን

ልብስ ሰፊዋ ደጋኑን በቫዮሊኑ ክሮች ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳበችው፤ ድምፅ የለም። ደግማ ሳበችው፤ እንደ ቂመኛ ጎረቤት ዝም አላት። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ሲጎብጥ የዋለ ትከሻዋ እሳት ሆኗል። አስተማሪዋ፣ የመጨረሻ ልጇን የምታክል ወጣት፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያት ነበር።

«በቃኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ደክሟት ነው እንጂ በቃኝ የምትል ሴት አልነበረችም። «ባለፈው ሳምንት እንኳ እንደ ተረገጠች ድመት ይጮህልኝ ነበር። ዛሬ ጭራሽ ዲዳ ሆነ። እህቴ እውነቷን ነው፤ ይሄ እጅ ከመርፌ ሌላ አይሆንለትም።»

አስተማሪዋ ደጋኑን ተቀብላ የተወጠረበትን የፈረስ ፀጉር በጣቷ ዳሰሰችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የቀቡት?»

«ሰም ነዋ! ክር ሲያስቸግር ሰም ይቀባል። አስተማሪ ተብለሽ ይሄ ይጠፋሻል?»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። «ወይ እትዬ! ሰም ያንሸራትተዋል እኮ። ፀጉሩ ክሩን እንዲይዘው የሚቀባው ያ የሰጠሁዎት ደረቅ ሙጫ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። መርፌ የበሳሳቸውን ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ያለ ጥፋቱ ታስሮ የተፈታን ሰው እንደምታይ ትክ ብላ አየቻቸው።

«ጥፋቱ የእጄ አይደለማ?»

«የእጅዎ አይደለም።»

«እንግዲያው» አለች ትከሻዋን እያሸች፣ «የራስሽን ደጋን አቀብዪኝ። ያቺን ድመት ልስማት።»